አስራ ሦስት ቁጥር

ሸዋ በር፣ ጋራዥ ውስጥ ነው የተወለድነው፣
ቀን በናፍጣ ጠቁረን ማታ ድምፅ የምንሞክረው።
አራጋው ጊታር፣ ኑርዬ ኦርጋን፣ ስንሻው ሳክስፎን፣
እኔ ድራም መቺ፣ ወንበሬ የዘይት ጀሪካን።

የድራሙ እግር አንድ ክፉ ብሎን ነበረው፣
ዘፈኑ ሲግል ጠብቆ መላላት የሚያምረው።
ጦሳ ጉሙን ለቆ አዳራሹን ሲያቀዘቅዝ
ብሎኑ ይሸሻል፣ ድራሙ ይጓዛል ወደ ጠርዝ።
«አስራ ሦስት ቁጥር!» እላለሁ ያኔ፣
«አስራ ሦስት ቁጥር የታለች? ወዲህ በሏት ለእኔ!»

መፍቻ ናት። ሌላ አይደለችም።
አንድ ጫፏ ተሰብሯል፤ ከአስራ ሦስት በቀር አትፈታም።

አንድ ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤት፣ መጋረጃው ሳይገለጥ፣
አስተዋዋቂው መጣ በሩጫ፣ ላቡ ፊቱ ላይ ሲንቆረጠጥ፤
«ስማችሁን ማን ልበል?» አለን። እኔ ብሎኑ ላይ ነበርኩ፤
አላየሁትም፣ አልሰማሁትም፣ «አስራ ሦስት ቁጥር!» ብዬ ጮህኩ።
እሱ ግን ሰማ። ወጥቶ ለሕዝቡ ደገመው።
ጭብጨባው ሲበርድ ስም ሆኖ አገኘነው።

ከዚያማ ወርቅ ፍለጋ!
የእኛ አገር ሰው ሰም ብቻ ይዞ ቤቱ አይገባም፣
ካልላጠው፣ ካልፈለቀቀው እንቅልፍ አይወስደውም።
የሒሳብ መምህሩ «ጳጉሜ ናት» አሉ፣ ጠመኔያም ጣት ቀስረው በኩራት፣
«ደመወዝ የሌላት ወር፤ እነዚህ ልጆች የሚኖሩባት።»
የኮምቦልቻ ሾፌሮች ሐረጎን ወርደው ኩርባውን ቆጠሩ፣
አስራ አንድ ቢሆንባቸው ሁለት ከኪሳቸው ጨመሩ።
«የስንሻው ሴቶች ቁጥር ነው» አሉ የሆጤ ኮረዶች፣
«አስራ ሁለቱ ከደሴ፣ አንዷ ከባቲ ናት የመጣች።»
(እውነቱን ለመናገር አንድም አልነበረችውም፤
ሲነፋ ዓይኑን ስለሚጨፍን ማን እንደሚያየው አያውቅም።)

ጓድ ምትኩ ደግሞ ከቀበሌ ጠራን፣
ወረቀት ዘርግቶ እስክሪብቶ አቀበለን፤
«አራት ናችሁ» አለ። «የቀሩት ዘጠኙ የት አሉ?
ስማቸው፣ አድራሻቸው፣ ማታ ማታ ምን ይላሉ?»
መፍቻዋን አሳየነው። ገለባበጣት፣ አሸተታት፣
ቀልድ መሰለው፤ ሌሊቱን እዚያው አደርንባት።
ሲነጋ የሚወዛወዝ ወንበሩን አጥብቀንለት
ተቀመጠ፣ ዝም አለ፣ በእጁ አሳየን የበሩን መውጫ ፊት።

እትዬ ዘምዘምን ግን ምን ልበል።

በየቅዳሜው ፊተኛው ረድፍ፣ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።
አያጨበጭቡም። አይወዛወዙም።
ስማችን ሲጠራ ብቻ ቀና ይላሉ፣
የበር ኳ ኳታ እንደሰማ ሰው።
አንድ ማታ ከመድረኩ ጀርባ መጥተው
ብርቱካን እጄ ላይ አኖሩ።
«አብዱልቃድርን የወሰዱብኝ ግንቦት አስራ ሦስት ነው» አሉ።
«ጎረቤት ስሙን ፈራ። አባቱም ፈራ።
እናንተ ግን ይኸው በድምፅ ማጉያ፣ ከተማው ሁሉ እየሰማ።
አላህ ዕድሜ ይስጣችሁ፣ ልጄ።»

አንድ እጄ ብርቱካን ይዟል።
ሌላው ኪሴ ውስጥ ያቺን ብረት፤
ከምን እንደምትቀዘቅዝ አላውቅም።
«አሜን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብሎኑ ሲላላ አልጮህኩም።
እሳቸው ፊት ያን ስም መፍቻ ማድረግ አልሆነልኝም።
ድራሙን በግራ ጉልበቴ ደግፌ መታሁ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ። ለአራጋው እንኳ ሳልነግረው አነከስኩ።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ልጆች መጡ፣
ባንድ አቋቁመው ስም አጥተው የተቆጡ፤
«ጋሼ፣ የእናንተ ስም ትርጉሙ ምን ነበር?» አሉኝ።
«መፍቻ» አልኳቸው። ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ሳቁብኝ።
«ኧረ ጋሼ! ሌላ ነገር ደብቀውናል» አለ ትንሹ፣
ዓይኑ ጉልበቴ ላይ ነበር።

እውነቱን ነው።